አብራሪዎች ማኅበር ያስፈልጋቸዋልን?

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ለመድረስ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ግድ ነው። በአይሮፕላን የሄደ እንደ ሆነ ግን በአየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። መንገደኛው ቀበቶውን ታጥቆ በመስኮት የሐይቁን ውኃ ሲያይ ልቡ ይደሰታል፤ ከፊት ባለችው ጠባብ ክፍል የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደ ተኙ ግን አይጠይቅም። ሊጠይቅም አይችልም። እንግዲህ ይህን ጥያቄ ስለ መንገደኛው ሆኖ የሚጠይቅ ማን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ይኸው ነው።

በየአገሩ አዲስ አየር መንገድ ሲቋቋም በአብራሪዎቹ መካከል አንድ ክርክር መነሣቱ የተለመደ ሆኗል፤ ይኸውም የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ወይስ እንቆይ የሚለው ነው። ክርክሩ የአብራሪዎች ብቻ አይደለም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው የሚገቡት ተማሪዎችና ሥራ የጀመሩት ወጣት ሹማምንት ሁሉ ይገናኙታል።

በመጀመሪያ የሚቃወሙትን እንስማ። አንደኛ፣ ድርጅቱ ገና ለጋ ነው፤ እግሩ ሳይጸና ሸክም አይጫንበት ይላሉ። ሁለተኛ፣ አብራሪ ከብዙ ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፤ ካፒቴንም አዛዥ እንጂ ታዛዥ አይደለም፤ ማኅበር ለምኑ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ የሥራ አስኪያጁ በር ክፍት ነው፤ እንደ ቤተሰብ ተነጋግረን እንጨርሳለን ይላሉ።

እነዚህ አሳቦች ተራ አይደሉም። ከገቢው በላይ የሚጠይቅ ማኅበር ድርጅቱን ሊጥለው፣ ከድርጅቱም ጋር አባሎቹን እንጀራ ሊያሳጣቸው ይችላል። ነገር ግን አንድ በአንድ ስንመረምራቸው ክፍተት ይገኝባቸዋል።

ከመጨረሻው እንጀምር። ክፍት በር መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በሩን የከፈተው ሰው ነገ ሊሻር ይችላል። ሃያ አብራሪዎች ያሉት ቤት ቤተሰብ ይሆናል፤ ሁለት ሺህ ሲሆኑ ግን ሥራ አስኪያጁ ስማቸውን እንኳ አያውቅም። «ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል» የሚለው ያገራችን ምሳሌ የኅብረት ስምምነትን ጥቅም ባጭሩ ይገልጻል።

የአሜሪካው ጄትብሉ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 መብረር ጀመረ። አብራሪዎቹ በ2009 እና በ2011 ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጥተው ሁለቱንም ጊዜ ብዙኃኑ አልፈለጉም። በ2014 ግን አሳባቸውን ለውጠው ተደራጁ፤ የመጀመሪያው ስምምነታቸውም በ2018 ጸደቀ። ኩባንያውም በዚህ ምክንያት አልፈረሰም። የአየርላንዱ ራያንኤር በበኩሉ ከ30 ዓመት በላይ ማኅበር አላውቅም ሲል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአብራሪዎቹ የሥራና የዕረፍት ተራ ተዛብቶ በሺህ የሚቈጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አብራሪዎቹ ሥራ እናቆማለን ብለው ሲነሡ፣ የፈረንጆች ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኩባንያው እሺ አለ። የመጀመሪያው በምርጫ የደረሰበትን ሁለተኛው በጠብ ደረሰበት።

ደመወዛቸው ደኅና ነውና ማኅበር አያሻቸውም ለሚለው መልሱ ከታሪክ ይገኛል። የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1931 ሲመሠረት አባሎቹ ከዘመኑ ሠራተኛ ሁሉ ድኾች አልነበሩም። ያስጨነቃቸው ከደመወዙ ሌላ የሥራው ሰዓትና አደጋው ነበር። በ1934 ከተገኙት ውጤቶች አንዱ አብራሪ በወር ከ85 ሰዓት በላይ እንዳይበር የሚወስን ውሳኔ ነው።

ድካም ምን እንደሚያመጣ የሚያስታውስ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ከኒው ዮርክ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ቡፋሎ ሲበር የነበረ አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። አይሮፕላኑ በእኛም የአገር ውስጥ መስመር ከሚበሩት ዓይነት፣ ኪው 400 ነበር። መርማሪዎቹ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ አላደረጉም፤ ዋናው ምክንያት የካፒቴኑ የተሳሳተ እርምጃ መሆኑን ጠቅሰው፣ ሁለቱም አብራሪዎች ደክመው ሳይሆን እንዳልቀረ አመለከቱ። ረዳት አብራሪዋ ደመወዟ አነስተኛ ነበር፤ ሥራ ለመግባትም ሌሊቱን አገር አቋርጣ በአይሮፕላን ስትጓዝ አድራ ነበር። ከዚያ በኋላ የሟቾቹ ቤተሰቦችና የአብራሪዎቹ ማኅበር አጥብቀው ስለ ጠየቁ፣ የዕረፍትና የበረራ ሰዓት ደንቡ ተሻሽሎ በ2014 በሥራ ላይ ዋለ። ደክሞኛል፣ አልበርም ማለት ለአንድ ሰው ብቻውን ከባድ ነው፤ ይቀጡኛል ብሎ ይፈራልና። ማኅበር ያለው ሰው ግን ያለ ፍርሃት ሊናገረው ይችላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በቲ.ደብልዩ.ኤ. ረዳትነት በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። የዚያን ጊዜ አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። ሕጉም ከድርጅቱ ጋር አብሮ አድጓል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ለሥራ ሲባል ማኅበር ማቋቋምን ፈቀደ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪውንና የሠራተኛውን ግንኙነት በሕግ መሠረት ላይ አቆመ።

ዛሬ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 እና የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 አሉ። በአዋጁ መሠረት ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኞች ይበቃሉ። የሥራ መሪ የሠራተኛ ማኅበር አባል አይሆንም፤ የሥራ መሪ ማለት ግን የድርጅቱን አመራር የሚወስን ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ነው። ካፒቴን አይሮፕላኑን ያዛል እንጂ ማንንም አይቀጥርም፣ ማንንም አያሰናብትም። ስለዚህ ካፒቴን አዛዥ ነው የሚለው ክርክር በዚህ ይወድቃል።

ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አየር ትራንስፖርት እንደ ሆስፒታልና እንደ መብራት እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ስለሆነ፣ ሕጉ በዚያ የሥራ ማቆም አድማ አይፈቅድም፤ ክርክሩ በቦርድ ታይቶ ይወሰናል። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ፣ አድማ የማይመታ ማኅበር ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው ሊል ይችላል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን እናየዋለን። አድማ የተከለከለ ሰው የቀረለት መሣሪያ ጠረጴዛና ወረቀት ነው፤ ወደ ጠረጴዛው ብቻውን ከቀረበ ደግሞ ባዶ እጁን ቀረበ ማለት ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የበረራ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ አቁመው፣ ጥቂቶቹም ታስረው እንደ ነበር ይታወሳል። እነርሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እንጂ አብራሪዎች አልነበሩም፤ ቢሆንም ቅሬታ ተጠራቅሞ በድንገት ሲፈነዳ ሠራተኛውም መንገደኛውም እንደሚጎዱ አሳይቶናል።

ሐዋሳም ይህን ትምህርት ከደጇ አግኝታዋለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ልክ እንደ አዲስ አየር መንገድ ወጣት ድርጅቶችን የሰበሰበ ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች በከተማው አንዲት ክፍል ለብዙ ተከራይተው ስፌት ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር መሆኑን ገልጿል። በዚያው ዓመት ሠራተኞች በድንገት ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎችም ቅሬታቸውን የሚያስረዱት ሥራውን ጥለው በመሄድ ነበር። ባለ ፋብሪካው ያስተማራትን ሠራተኛ አጣ፤ ሠራተኛይቱም እንጀራዋን አጣች። የስፌት ሠራተኛና የአብራሪ ደመወዝ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። ቅሬታ በሥርዓት የሚወጣበት በር ካልተሠራለት ግድግዳ አፍርሶ ይወጣል።

እንግዲህ መቼ እንደራጅ ለሚለው የእኛ አሳብ ይህ ነው። መደራጀት የሚያምረው ድርጅቱ ወጣት፣ ሰዉም ሰላም ሳለ ነው። ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚቋቋም ማኅበር የጠብ ልጅ ሆኖ ይቀራል፤ በሰላም ጊዜ የሚቋቋም ግን የድርጅቱን ሒሳብ ለማየት፣ አቅሙን ለመረዳት፣ ጥያቄውንም በልክ ለማድረግ ጊዜ አለው። መሪዎቹን በምስጢር ድምፅ የሚመርጥ፣ የመዋጮውን ገንዘብ ለአባሎቹ ቈጥሮ የሚያስረዳ፣ ከደመወዝ ጥያቄው በፊት የዕረፍት ሰዓትን የሚያስቀድም ማኅበር ለድርጅቱ ሸክም አይሆንም። የሥራ አስኪያጅነት ወንበር የሚጠብቃችሁ ወጣቶችም ይህን ብታስቡበት ይጠቅማል፤ ሠራተኛው ሲደራጅ የሚደነግጥ አለቃ እውነቱን የሚነግረው ሰው ያጣል፤ ስለ ድካሙና ስለ ጉድለቱ የሚሰማውም አደጋው ከደረሰ በኋላ ይሆናል።