የሻንተክሌር ስም የት ያልገባበት አለ?

ሻንተክሌር በመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ ተረቶች ከቀበሮው ሬናር ጋር የሚፋጠጥ አውራ ዶሮ ነው። በእንግሊዛዊው ቾሰር ትረካ፣ ቀበሮው ድምፁን ሲያሞጋግስለት ዓይኑን ጨፍኖ ሊጮኽ ሲል አንገቱን ይያዛል። ኋላ ግን ቀበሮውን በብልሃት አናግሮ አፉን ያስከፍትና ዛፍ ላይ ይወጣል።

ስሙም እንደ ባለቤቱ አንድ ቦታ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1910 ፓሪስ በታየው የኤድሞን ሮስታን ተውኔት፣ ፀሐይን የማወጣት እኔ ነኝ ብሎ የሚያምን ዶሮ ሆነ። በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተ የመዘምራን ቡድንም ወሰደው፤ ለዘማሪ መቼም ያምራል።

እኔ የምወደው ግን የካናዳውን ነው። ኩቤክ፣ ኦካ ገዳም የነበሩ አንድ መነኩሴ ብርድ የሚችል የዶሮ ዝርያ አዳቅለው ሻንተክሌር አሉት። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋና ከመንቁሩ ሥር የሚንጠለጠለው ውርጭ እንዳይበላቸው እጅግ ትናንሽ ናቸው።

የሚያስቀኝ ደግሞ በደቡብ ካሮላይና የሚገኘው የኮስታል ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነው። በሙገሳ የተሸወደ ዶሮ ለስፖርት ቡድን መጠሪያ ይሆናል? ሆነ እንጂ! በ2016 የአሜሪካ ኮሌጆች የቤዝቦል ሻምፒዮና ዋንጫን ወስደውበታል።