ያውቁ ኖሯል? ነጥብና ሰረዝ፣ ከማንኩሳ እስከ ስልክዎ

እንግሊዝኛ ጽሑፍን በነጥብና በሰረዝ መለየትን የሚጠራበት ግስ «ፐንክቹዌት» ነጥብ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ንግግር በየመሐሉ በጭብጨባ ሲቋረጥም በዚሁ ግስ ይገልጹታል። እኛም ዘንድ ነገሩ የነጥብ ነው፤ ምልክቶቻችንን ነጥባቸውን ቆጥረን ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ እንላለን።

በጥንቶቹ የአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ቃልን ከቃል የሚለየው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ነበር። ሁለት ነጥብ ቦታውን የያዘው ኋላ ነው። ዛሬ በጋዜጣና በመጽሔት ባዶ ቦታ ተክቶታል፤ በብራና መጻሕፍት ግን አሁንም አለ። ጸሐፊዎቹ አራት ነጥቡን በጥቁርና በቀይ ቀለም አጊጠው ሲጥሉት ማየት ዓይን ያጠግባል።

ለስላቅ የሚሆን ምልክት እንዳለንስ? ቃለ አጋኖው ተገልብጦ ሲጻፍ (¡) ትእምርተ ሥላቅ ይባላል። ብዙ ቋንቋዎች ይህን ለመሰለ ነገር ምልክት የላቸውም።

ከፊደል ራስ በላይ የምትቀመጥ ነጥብ ደግሞ ዜማ ናት። ይዘት ትባላለች፤ ከድፋት፣ ከሂደት፣ ከቅናት፣ ከጭረት፣ ከቁርጥ፣ ከርክርክና ከደረት ጋር የያሬዳዊ ዜማ ምልክት ናት። ትውፊት እነዚህን ምልክቶች በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ አድባራት ንባብ የሚማር ልጅ ግን በመጽሐፉ ላይ የማያየውን ሁሉ ከየኔታ አፍ ይቀበላል። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ የሚባሉት የግዕዝ ንባብ ዓይነቶች በፊደሉ ላይ ምልክት የላቸውም። ልጁ ተነሹን ከጣለ የኔታ እዚያው ያስቆሙታል፤ እስኪቃና ድረስም ያስደግሙታል።

አማርኛችንም ይኸው ጉድለት አለበት። «መምህሩ ይመታሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ምን ማለቱ ነው? «መ»ን እና «ታ»ን አላልተው ካነበቡት መምህሩ መቺ ናቸው፤ አጥብቀው ካነበቡት ተመቺ። «ገና» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም»፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ከወንዝ ያስገባል፣ ሲጠብቅ ከወንበር ያስቀምጣል።

ይህን በአንዲት ነጥብ ለመፍታት የተነሣው የጎጃም ሰው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኖሩ። ልብ ይበሉ፤ ልብ ወለዱ የሚነሣው ከማንኩሳ ነው፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከሚያገኟት ከዚያችው ማንኩሳ። በዛብህ የተወለደው እዚያ ነው። ሐዲስ በልጅነታቸው የጎጃምን የቅኔ ቤት ያውቁታል፤ በቅኔ ደግሞ አንድ ፊደል መጥበቁና መላላቱ ሰሙን ከወርቁ ይለያል። ነጥባቸው ከሌላው ጸሐፊ ዘንድ ብዙ አልተለመደችም። መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከው ወጋየሁ ንጋቱ ማጥበቅና ማላላቱን በድምፁ ሰጠን፤ በወረቀት ላይ ግን አሁንም አንባቢው ራሱ ይፈልገው እያልን ነው። በእኔ እምነት የሐዲስ ነጥብ ቢያንስ በአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ልትገባ ይገባት ነበር።

ለማጥበቂያ የሚሆን ምልክት በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር የፊደል ሠንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦታ እንዳለውስ ያውቁ ኖሯል? የግዕዝ ፊደል ራሱ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ፍኖተ ሰላምን «ፍ/ሰላም» ብለን በእዝባር እናሳጥራለን፤ የሚያሳስት የለም። «ም/ጎጃም» ሲጻፍ ግን ምዕራብ ነው ምሥራቅ? ሁለቱም በ«ም» ይጀምራሉ። አንዲት ፊደል ጨምሮ «ምዕ/ጎጃም» ማለት ደብዳቤውን ከደብረ ማርቆስ መልሶ ፍኖተ ሰላም ያደርሰዋል።

በስልክና በኮምፒውተር የምትጽፉ ወገኖቼ፣ በአራት ነጥብ ፈንታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደጋግማችሁ «::» አትምቱ። ትክክለኛው «።» በአማርኛ መጻፊያችሁ ላይ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።