ማጨስን በማስቆም ረገድ የነርሷ ድርሻ፦ ከምክር ወደ ክትትል



የዛሬው ገለጻዬ ሕሙማን ማጨስን እንዲያቆሙ በመርዳት ረገድ ነርሶች ስላላቸው ድርሻ ነው። የክርክሬን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። ነርሷ ለዚህ ሥራ የምትመረጠው ከሐኪሙ አብልጣ መምከር ስለምትችል አይደለም፤ ሕመምተኛውን ደጋግማ ስለምታየው ነው። (ነርሷ እያልሁ የምናገረው ለአነጋገር እንዲቀል ነው፤ በሙያው የተሰማሩ ወንዶች ባልደረቦቼ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።) ማጨስን ማቆም ከሩቅ ሲታይ የአንድ ቀን ውሳኔ ይመስላል። በተግባር ግን የሳምንታት ሥራ ነው፤ ሳምንታቱን ከሕመምተኛው ጋር የሚያሳልፈው ደግሞ የነርስ ሙያ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5.0 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ይህ አኃዝ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ዝቅተኛነቱም ጉዳዩ የእኛ አይደለም ወደሚል መዘናጋት ይመራል። ነገር ግን ነርሷ ከፊቷ የምታገኘው አማካዩን ዜጋ አይደለም። የምታገኘው የሚያስለውን፣ የደም ግፊቱ ያልወረደለትን፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረውን ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ማጨስን፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎችም ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ሕጉ አዲስ አጫሽ እንዳይፈጠር ሲከላከል፣ ሃያ ዓመት ያጨሰውን ሰው እጁን ይዞ የሚያወጣው አካል ያስፈልጋል።

ማቆም ምን ያህል ዋጋ አለው? ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ በ1951 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሐኪሞች ላይ የጀመሩት ጥናት ከሃምሳ ዓመት ክትትል በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ግልጽ መልስ ሰጥቷል። ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ። በ60 ዓመቱ ያቆመ ሰው 3 ዓመት ያህል፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ40 ያቆመ 9 ዓመት ገደማ ያተርፋል። “አሁንማ አረጀሁ፣ ምን ይጠቅመኛል?” ለሚሉ አዛውንት ነርሷ የምትመልሰው መልስ እዚህ ውስጥ አለ።

የነርሶች እገዛ በእርግጥ ውጤት ያመጣል ወይ ለሚለው ጥያቄም መልስ አለ። የኮክሬን ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥናቶች ግምገማ ከ20,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 44 ጥናቶች በአንድነት ተተንትነዋል፤ የነርስ እገዛ ያገኙ ሰዎች የማቆም ዕድላቸው ካላገኙት በ29 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ በመቶኛ ላይ የተሰላ መቶኛ ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበብ። ያለ ነርስ እገዛ ከመቶ አጫሾች አሥሩ የሚያቆሙ ቢሆን፣ በነርስ እገዛ ወደ አሥራ ሦስት ይደርሳሉ ማለት ነው። ሦስት ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በዚህ ያህል አነስተኛ ወጪ ሦስት ሰዎችን ከእንዲህ ዓይነት አደጋ የሚያወጣ ሌላ የክሊኒክ ሥራ በቀላሉ አይታየኝም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ተግባር መጠየቅ ነው፤ አጠያየቁም ቀላል አይደለም። “ያጨሳሉ?” ለሚለው ጥያቄ “አላጨስም” የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ሁሉም የዋሸ ግን አይደለም። ጫት ሲቅም ብቻ የሚያጨስ ሰው ራሱን አጫሽ አድርጎ አይቆጥርም። ሺሻ የምታጨስ ወጣት፣ ጋያ የሚስብ የገጠር ሽማግሌም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ “ሲጋራ፣ ሺሻ፣ ጋያ ወይም ሌላ ትምባሆ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙት መቼ ነው?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። “ጫት ሲቅሙስ?” የሚለውም አይቅር። ሱሱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማወቅ የሚረዳው አጭር ጥያቄ ደግሞ “ከእንቅልፍዎ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያውን በስንት ደቂቃ ውስጥ ያጨሳሉ?” የሚለው ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ጥገኝነቱ ብርቱ ነው።

ኀፍረትም ሌላው ጉዳይ ነው። በአገራችን ትምባሆ ከጤና ይልቅ በነውርነቱ ሲወገዝ የኖረ ነገር ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨሱ ሰዎችን ከንፈር፣ ሱረት የሚስቡትን ደግሞ አፍንጫ ያስቆርጡ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጠቅሰዋል። ዛሬ ማንም ከንፈር አይቆርጥም፤ ነገር ግን በተራ ጠባቂዎች ፊት ጮክ ብላ “አሁንም ያጨሳሉ እንዴ?” የምትል ነርስ ሕመምተኛው ዳግመኛ እውነቱን እንዳይናገር ታደርጋለች። በተለይ ሴቶች ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው። መጠየቅ ያለበት በር ተዘግቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የደም ግፊት በሚለካበት የአነጋገር ዜማ ነው።

ምክሩ ረጅም መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የጤና ባለሙያ ከ30 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚወስድ ምክር በመደበኛነት እንዲሰጥ ይመክራል። ምክሩ ከሰውየው ሕመም ጋር ሲያያዝ ይሰማል። “ጋሼ፣ ይህ መድኃኒት ሳንባዎን እያከመ ነው፤ ጭሱ ደግሞ መልሶ ያቆስለዋል። ዛሬ ቀን እንቁረጥና አብረን እንሞክረው” ማለት ስለ ካንሰር ከሚደረግ የአሥር ደቂቃ ስብከት ይበልጣል።

የብዙ ተቋማት ሥራ ግን እዚህ ላይ ይቆማል፤ የእኔም ቅሬታ እዚህ ይጀምራል። የኒኮቲንን ባሕርይ እናስታውስ። በደም ውስጥ ያለው መጠን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ንጭንጩ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ሐሳብ መበተኑ ባቆመበት ዕለት ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታሉ፤ ከዚያም በሁለትና በአራት ሳምንት መካከል እየረገቡ ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ያለ ማንም እገዛ ከሚሞክሩት ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የሚዘልቁት ከመቶ ከ3 እስከ 5 ብቻ ናቸው። እንግዲህ መክረነው “ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ” የምንለው ሕመምተኛ፣ በጭንቁ ሰዓት አጠገቡ የሚያገኘው እኛን ሳይሆን ሱቅ በደረቴውን ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ክፍልን ተመልከቱ። ማጨስ በዚህ በሽታ የመያዝን አደጋ በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ ስለዚህ በክፍሉ አጫሾች መኖራቸው አያስደንቅም። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሕመምተኛው መድኃኒቱን በየዕለቱ በባለሙያ ፊት ይውጣል። በሌላ የትኛውም ክፍል የማይገኝ ዕድል ይህ ነው! ሰውየው ባቆመ በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው ቀን ነርሷ ፊት ይቀርባል። ክኒኑን ስትሰጠው “ትናንት ማታ እንዴት አለፈ?” ብላ ለመጠየቅ ተጨማሪ ቀጠሮም፣ ተጨማሪ በጀትም አያስፈልጋትም። አደገኛው ጊዜ ሳሉ የሚለቀውና ምግብ የሚስማማው ሳምንት ነው፤ “ዳንሁ” ብሎ ወደ ሲጋራው የሚመለሰው ያኔ ነውና፣ ነርሷ ይህን አስቀድማ ልትነግረው ይገባል። በተኝቶ ሕክምና ክፍልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሰውየው አልጋ ላይ ሳለ ሳያጨስ ሰንብቷል፤ ከሆስፒታል የሚወጣበት ዕለት ነው ፈተናው።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቫሬኒክሊንን፣ ቡፕሮፒዮንን፣ ሳይቲሲንንና የኒኮቲን መተኪያዎችን ይመክራል፤ ምክርና መድኃኒት ሲጣመሩም ውጤቱ የላቀ ነው። መድኃኒቱ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ግን ነርሷ ባዶ እጇን አይደለችም። የማጨስ ፍላጎት እንደ ማዕበል ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል፣ ያልፋል። ውኃ መጠጣት፣ ከቦታው መነሣት፣ ላይተሩን ከኪስ ማውጣት፣ ለባለቤቱ ወይም ለልጁ የማቆሚያውን ቀን መንገር የሚናቁ አይደሉም። በጾም ወራት ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳያጨሱ የዋሉ ሰዎችም አቅሙ እንዳላቸው በራሳቸው ልምድ ማሳየት ይቻላል። የጫቱ ነገር ግን ይከብዳል። ጫቱን ሳይተው ሲጋራውን ብቻ እተዋለሁ ለሚል ሰው ምርቃናው ሲጋራውን እንደሚጠራበት በግልጽ መንገር ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር ከሁለቱም እንዲርቅ። “ቀንሻለሁ” የሚለውም ማበረታቻ እንጂ ማረፊያ አይሁን፤ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በልብ በሽታ ረገድ ሃያ የሚያጨሰው ከተሸከመው ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል።

ቢያገረሽበትስ? ነርሷ እንደ ደም ግፊት መልሶ መውጣት ልታየው ይገባል፤ ምን እንዳጋጠመው ትጠይቃለች፣ ሌላ ቀን ትቆርጣለች። ብዙዎች የሚሳካላቸው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው።

“ጊዜ የለንም” የሚለውን ተቃውሞ አልንቀውም፤ ሰልፉን አውቀዋለሁ። ይሁንና ሦስት ደቂቃ የሚጠፋው ለሚያጨሰው ሰው ብቻ እንጂ ለሁሉም አይደለም። ከጊዜው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ካርዱ ነው። ክብደት የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ የሙቀት መጠን የሚጻፍበት ቦታ አለ። በካርዱ ላይ ቦታ የሌለው ጥያቄ ተረኛዋ ስትቀየር አብሮ ይጠፋል፤ የማለዳዋ ነርስ የቆረጠችውን ቀን የከሰዓቷ አታውቀውም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ለተግባር ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች በምትመደቡበት ክፍል ሦስት ነገሮችን በሕመምተኛው ካርድ ላይ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ያጨሰበትን ቀን፣ ለማቆም የተስማማበትን ቀን፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ ማን እንደሚያነጋግረው። ሦስተኛው ላይ ስም ይጻፍበት፤ “ነርስ” ተብሎ አይታለፍ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ማቅረብ ትችላላችሁ።