ተጨማሪ መረጃ፦ ተማሪው ሲያስተምር

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ ነው። እዚያ በመኪና ግጭት ደረቱን የተመታ ሰው ድንገተኛ ክፍል ገባ እንበል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የደም ግፊቱ ወርዷል፣ በአንዱ የደረቱ ጎን የትንፋሽ ድምፅ አይሰማም። በሕክምና ተማሪዎች ሴሚናር ላይ ይህን ታካሚ የሚያቀርበው መምህሩ ሳይሆን ተማሪው ነው። ሲያነብ ያደረውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። ጓደኛው «መጀመሪያ ራጅ ለምን አላዘዝክም?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም በደረቱ ውስጥ የታመቀው አየር ደም ወደ ልብ እንዳይመለስ ስለሚያግድ፣ ራጅ ሳይጠበቅ ደረቱን በመርፌ በስቶ አየሩን ማስወጣት እንደሚገባ ያስረዳል። ይህን መልስ በራሱ አንደበት ያስረዳ ተማሪ፣ ሌሊት ተረኛ ሲሆን እጁ አያመነታም ብዬ አምናለሁ።

ተማሪ የሚያስተምርበት ዘዴ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ በቅኔ ቤት የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምራል። በሕክምናው ዓለም ደግሞ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ትምህርቱን በአነስተኛ ቡድን ውይይት ላይ መሥርቷል። ይሁንና ሴሚናር የሚሞተው ተማሪው ስላይድ እያነበበ መምህሩ ዝም ሲል ነው። ስህተት ከተሰማ እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ መታረም አለበት።