ልጁ ሲታከም እናቱን ማን ጠየቃት?

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጥያቄው ሁሉ ስለ ልጁ ነው። መቼ ተናገረ? ሲጠሩት ዞር ይላል? እጁን ይዛ ያመጣችውን እናት ግን ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ የሚጠይቃት ብዙም የለም። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ የራሷ ሰውነት ነው።

ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ከእንቅልፍ በነቃን በግማሽ ሰዓት ገደማ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ድንገት ስንደነግጥም ይጨምራል፤ ለሰውነት ጉልበት የሚሆን ስኳር ወደ ደም እንዲለቀቅ ያደርጋል። ጭንቀቱ ሲያልፍ እሱም ይረጋጋል። ጭንቀቱ ባያልፍስ? በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ማርሻ ማይሊክ ሴልትዘርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው የጎረምሶችና የአዋቂዎች እናቶች ምራቅ ተመርምሮ የኮርቲሶል መጠናቸው ከሌሎች እናቶች ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዝቅ ማለቱ መልካም ዜና ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ለዓመታት ያለ ዕረፍት ሲሠራ የኖረ ሥርዓት መድከሙን የሚጠቁም ነው። በውጊያ ላይ በቆዩ ወታደሮች ዘንድ የታየውም ይህንኑ ይመስላል።

ይህን ሁሉ የሚያመጣው የልጁ ጠባይ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። በእኔ እምነት ትልቁን ሸክም የሚጭነው የሰው ፍርድ ነው። ሳይንስም ከዚህ ነፃ አልነበረም። በሥነ ልቦና ጽሑፎቹ ይታወቅ የነበረው ብሩኖ ቤትልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው መጽሐፍ የኦቲዝምን መነሻ ከእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ጋር አያይዞት ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያውና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነው በርናርድ ሪምላንድ ግን ችግሩ ከአንጎል አሠራር የሚነሳ መሆኑን ከዚያ መጽሐፍ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በመንትዮች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ የዘር ውርስን ድርሻ አሳየ። እናቶቹ ያለ ጥፋታቸው ሲወቀሱ ኖረዋል።

እኛ ጋ ወቀሳው መልኩን ቀይሮ ይመጣል፤ ኃጢአት፣ እርግማን፣ ርኩስ መንፈስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን አነጋግሯል። 45 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ ከአራት አንድ የሚበልጡት ነገሩን ለመደበቅ ይጥሩ ነበር። ልጅን የሚደብቅ ቤት እንግዳ አይቀበልም፣ ለቅሶና ሠርግ ላይ አይገኝም፣ ከዕድርም ይርቃል። እንዲህ ለብቻ መቅረት በራሱ ጤናን ይጎዳል።

የሚረዳውስ ምንድን ነው? በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ዳይከንስ ኦቲዝም ወይም ሌላ የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 243 እናቶች ለስድስት ሳምንት በቡድን እንዲሠለጥኑ አደረገች፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ። አሠልጣኞቹ እንደነሱው የዚህ ዓይነት ልጅ ያላቸው እናቶች ነበሩ። የእናቶቹ ጭንቀትና ድብርት ቀነሰ፣ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። በእኛም አገር ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ የተነሱት ከገዛ ልጃቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ከልጁ ጋር መጫወትንና መግባባትን ሲያስተምር፣ አሳዳጊው ራሱን የሚንከባከብበትንም መንገድ ያካትታል።

አንባቢ ሆይ፣ በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ ምክንያቱን አይመርምሩ፣ ምክርም አያብዙ። ልጁን ይለማመዱት፤ ሲለምድዎት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘውት ይቆዩና እናቱ ትተኛ።