ለፎቶግራፍ ሲባል ትዕይንትን መለወጥ የመስሪያ ቤትን ተአማኒነት ይጎዳል

የመንግስት መስሪያ ቤቶች የህብረተሰቡን ችግርና የስራቸውን ውጤት ለማሳየት ፎቶግራፍን በስፋት ይጠቀማሉ። ለምስሉ ማማር ሲባል በስፍራው ያለን ነገር ማንቀሳቀስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንድ የአሜሪካ ተሞክሮ ያሳያል።

እ.ኤ.አ በግንቦት 1936 በአሜሪካ የገጠር ድሆችን መልሶ የሚያቋቁም የፌዴራል መስሪያ ቤት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርተር ሮትስቲን ድርቅ በመታት ደቡብ ዳኮታ አንድ የከብት ራስ ቅል አገኘ። ቅሉን ሶስት ሜትር ያህል አንቀሳቅሶ በሳርና በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ ደጋግሞ አነሳው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በድርቅ የተጎዱ ግዛቶችን ሲጎበኙ በሰሜን ዳኮታ ፋርጎ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ምስሉ የተቀነባበረ ነው ሲል አጋለጠ። ወቅቱ የምርጫ ዘመቻ በመሆኑም ተቃዋሚዎች አጋጣሚውን የመስሪያ ቤቱን ስራ ለማጣጣል ተጠቀሙበት።

ድርቁ ግን እውነት ነበር። የቅሉ መንቀሳቀስ ያስከተለው ጉዳት እውነተኛውን ችግር ጭምር ለጥርጣሬ መዳረጉ ነው።

በመሆኑም የህዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ሁነትን እንዳለ ማንሳት፣ አቀናጅተው ያነሱትንም በምስሉ መግለጫ ላይ በግልጽ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። ፎቶግራፉ እንዲያምር ትዕዛዝ የሚሰጡ ኃላፊዎችም ከተጠያቂነት ነጻ አይደሉም።