«የመኖሪያ ፈቃድ» የሚለው ስያሜ አሻሚነትና የጀርመን የሕግ ቃላት አተረጓጎም

አንድ ስያሜ ብዙ ጽንሰ ሐሳቦችን ተሸክሞ ሲገኝ በዕለታዊ ንግግር ብዙም ጉዳት አያስከትልም፤ በሕግ ሰነድ ትርጉም ግን የሰውን መብት እስከ ማዛባት ይደርሳል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን «የመኖሪያ ፈቃድ» የሚለው ሐረግ ነው። በጀርመን አገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ከባለ ሥልጣን የሚሰጧቸውን ልዩ ልዩ ወረቀቶች ብዙውን ጊዜ በዚህ በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልዩነታቸውን ለማስረዳትና አቻ ስያሜዎችን ለመጠቆም እንሞክራለን።

የችግሩ ምንጭ የሁለቱ ቃላት የፍች ስፋት ነው። «ፈቃድ» ከግዕዙ «ፈቀደ» (ወደደ፣ ፈለገ) የመጣ ሲሆን፣ በአማርኛ ውዴታን፣ ከሥራ የሚሰጥ ዕረፍትን፣ እንዲሁም እንደ መንጃ ፈቃድ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ያመለክታል። «መኖር»ም በሕይወት መቆየትን ሆነ በአንድ ስፍራ መቀመጥን ሲገልጽ ስለ ጊዜው ርዝመት የሚናገረው የለም። በአንጻሩ የጀርመንኛው «አውፌንትሃልት» ዋና ፍቹ «ቆይታ» ነው።

እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጀርመን የውጭ ዜጎች ቆይታ ሕግና ከእርሱ ጋር በተያያዘው የጥገኝነት ሕግ መሠረት የሚከተሉትን መለየት ያስፈልጋል።

ሀ) ቪዛ፦ ከላቲን «የታየ» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። በአማርኛ ስለ ተለመደ ምትክ መፈለግ አያሻም። ሆኖም በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን ብቻ የሚያስቆየውን «የአጭር ቆይታ ቪዛ»፣ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ የሚሰጠውን «የረጅም ቆይታ ቪዛ» ማለት ይገባል።

ለ) አውፌንትሃልትስኤርላውፕኒስ፦ ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለቤተሰብ ወይም ለሌላ ለታወቀ ዓላማ በተወሰነ ጊዜ ይሰጣል። አቻው «ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ» ነው።

ሐ) ኒደርላሱንግስኤርላውፕኒስ፦ የጊዜ ገደብ የለውም። በመደበኛው ሥርዓት ጊዜያዊውን ፈቃድ ለ5 ዓመት የያዘ፣ ራሱን የሚያስተዳድርና በቂ ጀርመንኛ የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል፤ ጊዜው የሚያጥርባቸው ሁኔታዎችም አሉ። «ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ» እንለዋለን።

መ) አውፌንትሃልትስገሽታቱንግ፦ የጥገኝነት ጥያቄው በመታየት ላይ ላለ ሰው ብቻ የሚሰጥ ነው። «የጥገኝነት ጠያቂ የመቆያ ማስረጃ» ቢባል ይስማማል።

ሠ) ዱልዱንግ፦ «መታገሥ» ከሚል ግሥ የወጣ ነው። ሕጉ ራሱ የሚፈታው ከአገር የማስወጣት እርምጃ ለጊዜው መታገድ ብሎ ስለ ሆነ፣ ቃሉን ትተን ፍቹን በመከተል «የማስወጣት እርምጃ እገዳ ማስረጃ» እንድንለው ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ የመጨረሻው ነው። ዱልዱንግ የያዘ ሰው ከአገር የመውጣት ግዴታው አልተነሣለትም፤ የተገታው አፈጻጸሙ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ግለሰቡ ከጀርመን እንደ ወጣ እገዳው ይቀራል። እንግዲህ አስተርጓሚው «የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጥቶዎታል» ብሎት፣ እርሱም ይህን አምኖ ዘመድ ሊጠይቅ ድንበር ቢሻገር፣ የሚመለስበት መብት በእጁ የለም። በአንድ ሐረግ ስሕተት የደረሰውን ጉዳት በኋላ በማብራሪያ ማቃናት አይቻልም።

ሌላው የሚያሳስት ነገር የሰነዱ ዘመን ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት አውፌንትሃልትስኤርላውፕኒስ የጊዜ ገደብ ያለውም የሌለውም ነበር፤ ገደብ የሌለው ዛሬ የሚቆጠረው እንደ ኒደርላሱንግስኤርላውፕኒስ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ከቃሉ በፊት ቀኑን ማየት አለበት።

በአጠቃላይ «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ሕጉ በእርግጥ ለፈቀደው ብቻ ብንጠብቀው፣ ለቀረው «ማስረጃ» የሚለው ይበቃናል። «ጊዜያዊ» እና «ቋሚ» የሚሉት ቅጽሎችም በምንም ሁኔታ ሊዘለሉ አይገባም። ተርጓሚው በተጠራጠረ ጊዜ የጀርመንኛውን ስም በፊደላችን ጽፎ ፍቹን አጠገቡ ቢያኖር፣ አንባቢውን ከከባድ ስሕተት ያድነዋል።